የእኔ ርካሽ ከተማ

ተኝቻለሁ ማለት አልችልም፣ ተጋድሜያለሁ እንጂ። መጋረጃው ወፍራም ነው፣ ግን የቀን ብርሃን መግቢያ አያጣም፣ በጎን በኩል በቀጭኑ ሾልኮ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ እኔም እሱን እያየሁ ዓይኔ ፈጦ ቀረ። የሌሊት ሠራተኛ እንቅልፍ የሚወስደው ሌላው ሰው ምሳውን ሲበላ ነው፣ እሱን ከለመድኩት ቆየሁ፣ የሆቴል አንሶላ ስተኩስና ሳጥፍ አድሬ ጠዋት ስገባ እንደ ድንጋይ ነበር የምወድቀው፣ የላይኛው ፎቅ ልጆች በራሴ ላይ ሲሯሯጡ እንኳ አልሰማም። ዛሬ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ወለሉ ላይ ያነጠፍኩትን ፍራሽ አላነሳሁትም፣ ሚጣ ትናንት ጠዋት እንደተነሳችበት ነው፣ ብርድ ልብሱን አራቱን ጫፍ አገናኝታ አጥፋ ትራሱ ላይ አስቀምጣዋለች፣ ሳየው የልብስ ማጠቢያ ሠራተኛ ልጅ መሆኗ ነው ብዬ ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ አይ፣ ምን አገናኘው አልኩ፣ ማጠፍ ያስተማረቻት እትዬ ናት። ማጠፍ፣ ቁልፍ መትከል፣ ፀጉር መጎንጎን፣ ሰው ሲመጣ ከወንበር መነሳት፣ ሁሉንም እትዬ ናት ያስተማረቻት፤ እኔ ያስተማርኳት ነገር ቢኖር በስልክ የሚማሩት ነገር ብቻ ነው፣ በስልክ ደግሞ ሰው «እሺ» ማለትን እንጂ ሌላ ምን ይማራል።

ሚጣ ልጄ ናት። ትልቅ ሰው ሆናለች፣ መሬት ቀያሽ ናት፣ ባለ ሦስት እግር መሣሪያዋን ተክላ ወሰን ስታስምር ሽማግሌዎች ተሰብስበው አፏን የሚጠብቁላት፤ እኔ ግን እስካሁን ሚጣ ነው የምላት፣ ጥያት ስወጣ ሚጣ ነበረቻ፣ ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ አድርጋ «ራሴ ነኝ ያደረግሁት» የምትል። አባቷ ገና እቅፍ ላይ ሳለች ሌላ ጎጆ ቀለሰ፣ እኔ ሥራ ፍለጋ ተነሳሁ፣ ልጅቷን ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ሰጠሁ፣ ሁለት ዓመት ብቻ ነው እትዬ፣ ስላት ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «ልጅቷ እኔ ጋ ናት፣ አንቺ ራስሽን ጠብቂ» አለችኝ። ሁለቱ ዓመት በሁለት ዓመት አላለቀም። ወረቀትሽ ሳይስተካከል ከወጣሽ አትመለሺም ተባልኩ፣ ቁጥር ይዤ ወረፋ እጠብቃለሁ፣ ቁጥሬ ሲደርስ የአንቺ መስኮት ይሄ አይደለም ይሉኛል፣ ስልክ ስደውል ማሽን ነው የሚያነሳው፣ አንድን ይጫኑ ይላል፣ ሁለትን ይጫኑ ይላል፣ እኔ የምፈልገው ነገር ግን ከቁጥሮቹ በአንዱም የለም። ወረቀቱ ሲስተካከል ደግሞ እኔ ራሴ ተበላሸሁ፣ ባዶ እጄን አልገባም እያልኩ ለከርሞ፣ ለከርሞ፣ ማለት ለመድኩ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ስትሠሪ ኖርሽ ቢሉኝ፣ ከተማውን ለሚጣ ሳጠናላት ነበር እላለሁ። ትልቅ ከተማ ነው፣ ውድ ነው፣ ግን ውዱ ከተማ ውስጥ ሌላ ርካሽ ከተማ አለ፣ እሱን የሚያውቀው ጊዜ ወስዶ የሚፈልገው ሰው ብቻ ነው። ማታ ሰው ተሰልፎ በውድ የሚበላው ምግብ እኩለ ቀን ላይ በዚያው ሳህን፣ በዚያው ወንበር፣ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ትልቁ የሙዚቃ አዳራሽ ማታ ደህና ልብስ ይፈልጋል፣ ጠዋት ልምምድ ሲያደርጉ ግን በሩ ክፍት ነው፣ ማንም ገብቶ ከኋላ ይቀመጣል፣ እንዲያውም ልምምዱ ይሻላል፣ መሪው እያስቆመ ሲቆጣቸው እኔም አንድ ሥራ ቦታ የተቀመጥኩ ይመስለኛል፣ እነሱም እንደኛ ከአለቃ አላመለጡም ለካ። ሲኒማ ቤት በሥራ ቀን ጠዋት ጡረተኞች ብቻ ናቸው፣ ቋንቋው ጆሮዬ ሳይገባ በፊት እነሱ ሲስቁ እስቅ ነበር፣ አሁን እየቀደምኳቸው እስቃለሁ። ቱሪስት በብዙ ገንዘብ የሚሳፈረው መርከብ የሚሄድበትን ወንዝ፣ ሠራተኛ የሚያሻግረው ጀልባ በአውቶቡስ ቲኬት ይሄድበታል። ይህን ሁሉ መጀመሪያ ያጠናሁት ለትንሽ ልጅ ነበር፣ የአሻንጉሊት ቲያትር በነጻ የሚታይበትን ቀን፣ ዥዋዥዌው የማይጮኽበትን መናፈሻ፤ እሷ እዚያ እያደገች እኔ እዚህ ጥናቴን እየቀየርኩ፣ የአሥራ ምናምን ዓመት ልጅ ምን ደስ ይላት ይሆን እያልኩ የሰው ልጆችን እያየሁ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ቆሜ ለካ የማጠናው ሥራ ለያዘች ሴት ነው ብዬ ክው አልኩ።

መጣች። ሁለት ጊዜ እንድትጎበኘኝ ጠይቀን ከልክለዋት ነበር፣ በኋላ መሥሪያ ቤቷ ለሥልጠና ቅርብ አገር ላካትና ሲያልቅ ጥቂት ቀን አስፈቅዳ እኔ ጋ መጣች። መናኸሪያው ውስጥ ቆሜያለሁ፣ የሚወርደውን ሰው ሁሉ አያለሁ፣ አንዲት ረጅም ሴት ወደ እኔ ትመጣለች፣ መንገድ እለቅላታለሁ፣ አላለፈችም፣ ፊቴ ቆመች። አቀፍኳት፣ አገጬ ትከሻዋ ላይ ደረሰ፣ እቅፌ ውስጥ የማውቀው ምንም ነገር አልነበረም፣ ሽታዋን እንኳ አላውቀውም፣ የሳሙናዋን ሽታ ግን አወቅሁት፣ የእትዬ ሳሙና ነው።

ከዚያማ እግሯን አላሳረፍኩትም። አለቃዬ የዕረፍት ቀኖቼን ሰብስቦ ሰጥቶኛል፣ ጠዋት ልምምድ፣ ቀትር ላይ ምሳ፣ ከሰዓት ፎቅ ላይ ያለው የቤተ መጻሕፍቱ ሻይ ቤት፣ ሳትገዢ ብትቀመጪ ማንም አይናገርሽም እላታለሁ፣ እዚህ ጋ ቁሚ፣ ከዚህ ነው የሚያምረው እላታለሁ። ምግብ ቤት ስንገባ ለሷ አዝዛለሁ፣ ለራሴ ውሃ። አንቺስ ስትለኝ በልቻለሁ፣ በማግስቱ ስትለኝ የማታው ምግብ አልወረደልኝም፣ ሌላ ቀን ስትለኝ ሐኪም ከልክሎኛል። ሳህኗን አያለሁ፣ አፏን አያለሁ፣ ስትውጥ እኔም እውጣለሁ፣ ደስታ ማለት ይህ ነው ብዬ ነበር፣ ስንት ዘመን የጓጓሁት ይህንኑ ነው፣ ልጄ ስትበላ ቁጭ ብሎ ማየት። እሷ ደግሞ ቀን በቀን ዝም እያለች ሄደች። ደክሟት ነው አልኩ፣ ምግቡ ሳይስማማት ቀርቶ ነው አልኩ፣ ቤታችን ጠቦ ነው አልኩ፣ ያላልኩት የለም።

አንድ የምግብ ሙያ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት አለ። ተማሪዎቹ ያበስላሉ፣ ተማሪዎቹ ያስተናግዳሉ፣ መምህራቸው በሩ ጋ ቆማ ነጥብ ትሰጣለች፣ ለዚህ ነው ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ ብርጭቆው ሦስት ዓይነት ሆኖ፣ ዋጋው ግን እዚህ ግባ የማይባል። ይህን ቦታ የነገረችኝ ረጅሟ የምንላት ናት፣ አንሶላ ከማሽን ስናወጣ ወዲያ ማዶ ጫፉን የምትይዝልኝ የሥራ ባልደረባዬ። ከርካሹ ከተማዬ ውስጥ ዘውዱ እሱ ነበር፣ ገብቼበት አላውቅም፣ ለሚጣ ነበር ያስቀመጥኩት። ገባን፣ ተቀመጥን። አስተናጋጃችን ተማሪ ይባል እንጂ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ሸሚዙ አንገቱን አንቆታል።

«ሁለት ምሳ ነው፣ እመቤት?» አለኝ በአገሩ ቋንቋ።

«አንድ። ለሷ። እኔ በልቻለሁ።»

ወደ መምህሯ ሰረቅ አድርጎ አየና ጎንበስ አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እዚህ የተቀመጠ ሁሉ ይበላል። አንድ ሳህን ከጎደለ ነጥቤ ይጎድላል። ሾፌር ነበርኩ፣ ወገቤ ሲታመም ነው ይህን የጀመርኩት፣ ዘንድሮ ካልጨረስኩ አይታገሱኝም።»

ሚጣ ቋንቋውን አትሰማም። «ምን አለሽ?» አለችኝ።

«ምንም። ውሃ ይበቃችኋል ወይ ነው የሚለው።»

«አይደለም» አለች። በጣቶቿ የምታሽከረክረውን ሹካ አስቀመጠች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፣ ከፍ ብታደርገው በተሻለኝ። «ከመጣሁ ጀምሮ ስበላ ታዪኛለሽ። እኔ ለመብላት አይደለም የመጣሁት፣ እማ ጋ ምግብ አላጣሁም።»

እማ የምትለው እትዬን ነው። እኔን ምንም አትለኝም፣ «ሄሎ፣ እንዴት ነሽ» ነው የምትለኝ፣ ይህን ከድሮ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ግን በስልክ ሲሰሙትና ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ሲያስቀምጡልሽ አንድ አይደለም። እሷም ሰማችው፣ ዓይኗን ከኔ አላነሳችም።

«እናቴ ስትበላ ምን እንደምትመስል አላውቅም» አለች። «በልቻለሁ ትይኛለሽ፣ በስልክም በልቻለሁ ነው፣ እዚህም በልቻለሁ ነው። መቼ ነው የምትበዪው? አንድ ቀን እንኳ ስታኝኪ አይቼሽ አላውቅም።»

ከዚያ ለሰውየው ሁለት ጣት አነሳችለት። ሰውየው እንደ ምርቃት ተቀበላት።

ምን ልበላት። ገንዘቡ አልነበረም፣ ገንዘቡ ቢሆንማ ቀላል ነበር። ጥርስ የለኝም። በቀኝ በኩል መንጋጋዎቼ የሉም፣ ከታችም ከላይም፣ ሕመሙ ሌሊት በሥራ ላይ ሲያንገበግበኝ ከርሞ ሐኪሙ ጋ ስሄድ ይሄ ይሞላል፣ ይሄ ይታከማል፣ ይሄ ብዙ ምልልስ አለው ሲለኝ ነቅለህ ገላግለኝ አልኩት፣ በዓመቱ ደግሞ ጎረቤቱን፣ ከዚያ ደግሞ ሌላውን። ቤቴ ብቻዬን ስሆን ዳቦውን በሻይ እነክራለሁ፣ ሥጋውን እስኪፈርስ እቀቅላለሁ፣ ማን ያየኛል። በስልክ በምስል ስንተያይ ከንፈሬን ገጥሜ ነው የምስቀው፣ እነሱም ጨዋ ሆነሽ ቀረሽ እያሉ ይቀልዳሉ። ልጄ የምታስታውሰው ፊቴ ጥርሷ ሙሉ የሆነች፣ ሸንኮራ በጥርሷ የምትልጥ ሴት ፊት ነው፣ እሱን ፊት ልነጥቃት አልፈለግሁም።

ሾርባው መጣ፣ ሾርባው ወዳጄ ነው፣ በክብር ጠጣሁት። ከዚያ ጥብስ ሥጋ ከድንች ጋር መጣ። አነስ አድርጌ ቆረጥኩ፣ በግራ በኩል አደረግሁት፣ ማኘክ ጀመርኩ፣ ቁራጩ ወደ ቀኝ አመለጠ፣ በምላሴ እያባረርኩ መለስኩት፣ ጉንጬ እንዴት እንደሚጣመም አውቃለሁ፣ መስታወት ፊት አይቼዋለሁ። ዓይኔን ከሳህኑ አላነሳሁም። እሷ መብላቷን አቁማለች።

«በአንድ በኩል ብቻ ነው የምታኝኪው።»

«አዎ።»

«ለምን?»

«በሌላው በኩል ጥርስ የለኝም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆየ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

«ብነግርሽ የራስሽን ትልኪልኝ ነበር?»

ልትቆጣ ነው ያልኩት፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ በአፍንጫዋ የጀመረው ሳቅ አመለጣት፣ እኔም ሳላስበው አመለጠኝ፣ ጉርሻው አፌ ውስጥ እንዳለ፣ አፌን ከፍቼ። እጄ እንደ ልማዱ ወደ አፌ ሄደ። ሚጣ መንገድ ላይ ያዘችው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና እጇን ላዩ ላይ ጫነችበት።

«ልክ እንደ እማ ነው የምትስቂው» አለችኝ። «ትከሻሽ ነው ቀድሞ የሚስቀው።»

ከዚያ የራሷን ሥጋ እንደኔ አነስ አነስ እያደረገች መቁረጥ ጀመረች፣ እኔ አንዱን ጨርሼ እስክውጥ ድረስ ሹካዋን ይዛ ትጠብቀኛለች፣ እኩል እንጎርሳለን፣ ያ ምሳ መቼም አያልቅም አልኩ፣ ባያልቅስ አልኩ። ሰውየው ሳህን ሲያነሳ መምህሯ ወደ ጠረጴዛችን መጥታ እንዴት ነበር ብላ ጠየቀችን፣ እኔ ቀድሜ እንዲህ ያለ አስተናጋጅ በሕይወቴ አላየሁም አልኳት፣ እውነቴን ነው፣ ሌላ አስተናጋጅ ለኔ ሳህን አምጥቶ አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ እኔና እሷ ሌላ ሰዎች ሆንን። የቀረንን ቀን ሁሉ ሁለት፣ ሁለት አዘዝን፣ ወይም አንድ አዝዘን በሁለት ሹካ በላን፣ ያጠናሁላትን ግማሹን ሰረዘችብኝ፣ ሙዚየሙ ይቅርብኝ እንቀመጥ አለች። የመጨረሻው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ በሠራተኛው ጀልባ ተሻገርን፣ ተመልሰን ተሻገርን። የቱሪስቶቹ መርከብ ከጎናችን ሲያልፍ ሙዚቃው ወደኛ መጣ፣ ይኸው በነጻ አልኳት። እሷ የወንዙን ዳር በአንድ ዓይኗ እየለካች ነው፣ ሙያዋ አይለቃትም።

«ብቻሽን ነው እዚህ የምትመጪው?» አለችኝ።

«ብቻዬን።»

«ከማን ጋር ታወሪያለሽ?»

«ካንቺ ጋር» አልኳት። «ሳትኖሪ ብዙ ታወሪኛለሽ። አንዳንዴ ትጨቀጭቂኛለሽ።»

«ምን እላለሁ?»

«ጥርስሽን ታከሚ ትያለሽ።»

«እውነቷን ነው» አለች።

አሁን መስኮቱ ጋ ተነስቼ ቆሜያለሁ፣ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም፣ ባዶ እግሬን ፍራሿ ላይ ነው የቆምኩት። ትናንት መናኸሪያው ላይ አላለቀሰችም፣ እኔም አላለቀስኩም፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስዳት አውቶቡስ ሲነሳ በመስኮቱ ውስጥ ሆና በጣቷ ጥርሷን ነካ ነካ አደረገችልኝ፣ ጎኗ የተቀመጠው ሰውዬ ዞሮ እስኪያያት። ከዚያ ሥራ ገባሁ፣ ረጅሟ አንሶላውን ወዲያ ማዶ ይዛ «እንዴት ነበር?» ስትለኝ «በላን» አልኳት፣ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። አሁን ደግሞ ከተማው ከመጋረጃው ጀርባ የምሳ ሰዓት ላይ ነው፣ ሳህን ሲንኳኳ ከታች ካለው ሻይ ቤት ይሰማኛል፣ ርካሽ ከተማዬ እዚያው ነው፣ ለማን እንደማጠናው ግን አሁን አላውቅም። ስልኩ ሲጮህ ደነገጥኩ፣ አገር ቤት ምሳ ካለፈ ቆይቷል፣ ግን በዚህ ሰዓት ማንም አይደውልልኝም፣ እንቅልፍ ላይ እንደሆንኩ ሁሉም ያውቃል።

«ተኝተሽ ነበር?» እትዬ ናት።

«አይ።»

«ልጅሽ አበደችልሽ» አለችኝ። «ጠዋት ገባች፣ ሻንጣዋን አልፈታች፣ ተነሺ ልብስሽን ቀይሪ አለችኝ። የሰው ቀሚስ ለነገ ማድረስ አለብኝ ብላት ማን ይሰማኛል፣ የስፌት መኪናውን ክዳን ደፋችብኝ።»

«የት ልትወስድሽ?»

«ምሳ ልትጋብዘኝ። ከዱቄት መጋዘኑ ጎን ያለውን ምግብ ቤት አታውቂውም? ዕድሜ ልካችንን በደጁ ያለፍነው።»

«ታዲያ ገባሽ?»

«ምን ላድርግ፣ እጄን ይዛ። ጠረጴዛው ጨርቅ አለው። ገልብጬ ጠርዙን አየሁት። ደህና ነው። ማዕዘኑ ላይ ግን ቸኩለዋል።»

እስቃለሁ፣ ትከሻዬ ቀድሞ ሲስቅ ዛሬ ገና ታወቀኝ። ምን በላሽ አልኳት፣ ዓሣ አለችኝ፣ አጥንቱን አውጥተው ነው የሚያቀርቡት፣ ሰውን አሰነፉት አለችኝ። ስንት ዘመን ደውላልኝ ስለ ልጄ ነው የነገረችኝ፣ ትኩሳቷን፣ ፈተናዋን፣ የጫማ ቁጥሯን፤ እትዬ ምን በላሽ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም፣ አንድም ቀን። እሷ ቀጥላለች። «ጥርስሽን አስነቅለሽ ዝም ብለሻል አሉ።»

«ነገረችሽ?»

«የኔም የኋላዎቹ የሉም እኮ። እኔም ለማንም አልተናገርኩም። አብረን ብንቀመጥ ከሁለታችን አንድ ሙሉ አፍ ይወጣ ነበር።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ለከርሞ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር፣ ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚቀመጠው፣ እትዬ ሳትጠይቀኝ በፊት የምመልሰው መልስ ነው። ዋጥኩት።

«እትዬ፣ ያ ምግብ ቤት እሑድ ክፍት ነው?»

«ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ማታ አለቃዬን ፈቃድ እጠይቀዋለሁ። ከመጣሁ ያው ቅዳሜ ነው የምገባው፣ በማግስቱ እሑድ ነው።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ፣ እትዬ፣ አልኩ፣ እትዬ።

«ቆይ» አለችኝ፣ ድምፅዋ ተለውጧል። «ቆይ፣ ሳልጠይቅ አልነግርሽም። ሄጄ ልጠይቃቸው።»

«አሁን? እትዬ፣ በኋላም ይደርሳል።»

ስልኩን ሳትዘጋው የሆነ ነገር ላይ አስቀመጠችው። ነጠላ ጫማዋ ወለሉን ሲያንቋቋው ሰማሁ፣ ከዚያ በሩን፣ ከዚያ ከውጭ ለአንዷ ጎረቤት ምግብ ቤት ልደርስ ነው ስትል ሰማሁ፣ ኮራ ባለ ድምፅ፣ በየቀኑ እንደምትሄድበት። ከዚያ ቤቱ ብቻውን ቀረ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። ውሃ በርሜሉ ውስጥ ጠብ ይላል። የቆርቆሮው ጣሪያ በፀሐይ ይንጣጣል። ዶሮ ደጃፉ ድረስ መጥታ የሆነ ነገር ትጭራለች። ከጓዳ በኩል ሚጣ በእንቅልፍ ልቧ ተገላበጠች፣ አልጋው ሲጢጥ ሲል አወቅሁት፣ የድሮ አልጋዬ ነው። ትንፋሼን እንኳ ቀንሼ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ።